ልጅዎ ለኮንፈረንስ ቶርናመንት ደርሳለች? ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት

በኦክቶበር መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ሲጋመስ፣ ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ቡድን እግር ኳስ የምትጫወት ቤተሰቦች ዘንድ ስልኩ ይበዛል። «አለፉ እንዴ? የት ነው የሚጫወቱት? እኛስ መቼ እንምጣ?» እናት ከሥራ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ አጎት የመኪናውን ጎማ ያስፈትሻል፣ አዲስ አበባ ያሉት አያት ደግሞ በየትኛው ቻናል እንደሚተላለፍ ማወቅ ይፈልጋሉ። ይህ መመሪያ ለእነዚህ ሁሉ ነው። የምጽፈው በኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል በኤንሲኤኤ ሥር፣ በአንደኛ ዲቪዥን ስለሚጫወቱ የሴቶች ቡድኖች ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የኮንፈረንሱ ቶርናመንት፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎች ተቧድነው በሚጫወቱበት ሊግ መጨረሻ ላይ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ ለልጅዎ ቡድን ምን ዋጋ አለው? ለአንዱ ቡድን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፣ ለሌላው ደግሞ ዋና ተጫዋቾችን የሚያሳርፍበት ሳምንት። መልሱን ሳያውቅ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይቆጨዋል።

1. የኮንፈረንሱን አሠራር ይወቁ

ሲዝኑ ኦገስት ላይ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከኮንፈረንስ ውጪ ካሉ ቡድኖች ጋር ነው፤ ከዚያ የኮንፈረንሱ ጨዋታ ይቀጥላል። በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ የኮንፈረንሱ ቶርናመንት ይካሄዳል፣ ወዲያው ደግሞ 64 ቡድኖች የሚሳተፉበት ብሔራዊው ጥሎ ማለፍ ይከተላል። የዋንጫው ጨዋታ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው።

ሁሉም ኮንፈረንስ ግን ቶርናመንት ያዘጋጃል ማለት አይደለም። ሁላችንም የምናውቃትን የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ናኦሚ ግርማን እንውሰድ። ስታንፎርድ በነበረችበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው የነበረበት ፓክ 12 የተባለው ኮንፈረንስ ለሴቶች እግር ኳስ ቶርናመንት አልነበረውም፤ የሊጉ አንደኛ በቀጥታ ወደ ብሔራዊው ውድድር ያልፍ ነበር። ስለዚህ በ2019 ስታንፎርድ ኖርዝ ካሮላይናን በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፎ የአገሩን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ናኦሚ አንድም የኮንፈረንስ ቶርናመንት ሳትጫወት ነው ለዚያ የበቃችው። ያ ፍጻሜ የተካሄደው እሷ በተወለደችበት በሳን ሆዜ ነበር፣ አባቷ ለሐበሻ ልጆች ማለዳ የሚባለውን ቡድን ባቋቋሙበት ከተማ። ዛሬ ግን የያኔው ፓክ 12 ተበትኖ ስታንፎርድ ከ2024 ጀምሮ ኤሲሲ በሚባለው ኮንፈረንስ ውስጥ ነው፤ የካሊፎርኒያ ልጆች ለግማሽ ፍጻሜ አገሩን አቋርጠው ኖርዝ ካሮላይና ይመጣሉ። አይቪ ሊግ የሚባለው ኮንፈረንስም ቢሆን ቶርናመንት የጀመረው በ2023 ነው።

ስለዚህ ከሰፈር ሰው ወሬ ይልቅ የኮንፈረንሱን ድረ ገጽ ይክፈቱ። ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ስንት ቡድን ያልፋል፣ የመጀመሪያው ዙር የት ይካሄዳል፣ ነጥብ እኩል ሲሆን በምን ይለያል። የዘንድሮውን ይመልከቱ፤ ደንቡ በየዓመቱ ሊቀያየር ይችላል፣ በተለይ ቡድኖች ከኮንፈረንስ ወደ ኮንፈረንስ መዛወር ካበዙ ወዲህ።

2. ሰንጠረዡን በትክክል ያንብቡ

ፕሪሚየር ሊግ የለመደ ዓይን እዚህ ይሳሳታል። ማሸነፍ 3፣ አቻ 1 ነጥብ መሆኑ ተመሳሳይ ነው። ነገር ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር አይጫወትም። በ2024 ኤሲሲ ውስጥ 17 የሴቶች ቡድን ነበር፣ እያንዳንዱ የተጫወተው 10 የኮንፈረንስ ጨዋታ ብቻ። ኤስኢሲ 16 ቡድን ይዞ 10 ጨዋታ፣ ቢግ ቴን 18 ቡድን ይዞ 11 ጨዋታ አድርገዋል። ስለዚህ አራተኛ የወጣው ቡድን ከሦስቱ ጠንካሮች ጋር ጭራሽ ሳይገናኝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሰንጠረዡን ከፕሮግራሙ ጋር ጎን ለጎን ካላዩት ያታልልዎታል።

ነጥብ እኩል ሲሆን ደግሞ የግብ ልዩነት ቀዳሚ መለያ ነው ብለው አይገምቱ። ብዙ ኮንፈረንሶች መጀመሪያ የሚያዩት ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስ ሲጋጠሙ ማን እንዳሸነፈ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ 5 ለ 0 ማሸነፍ በሴፕቴምበር የተሸነፉትን አንድ ጨዋታ ላያካክስ ይችላል። አቻ የበዛውም ከ2022 ጀምሮ በመደበኛው ሲዝን ተጨማሪ ሰዓት ስለቀረ ነው፤ 90 ደቂቃ አለቀ ማለት አለቀ ነው።

ከዚያ ወደ ጥሎ ማለፉ ሰንጠረዥ ይሂዱ። የሚያልፉት 6 ቡድኖች ከሆኑ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ግማሽ ፍጻሜ ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነጥብ ቢመስልም፣ በሜዳ ሲታይ የአንድ ሙሉ ጨዋታ ድካም ነው። 8 ከሆኑ ሁሉም ከሩብ ፍጻሜ ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ዙሮች ብዙ ጊዜ የሚካሄዱት በሰንጠረዡ በላይ በተቀመጠው ቡድን ግቢ ነው። ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ አንድ ከተማ ላይ ሊሰባሰቡ ይችላሉ፤ ኤሲሲ ኬሪ፣ ኖርዝ ካሮላይና ያለውን ዌክሜድ ሶከር ፓርክ ለምዷል፣ ኤስኢሲ ደግሞ ከ2022 ወዲህ ፍሎሪዳ ፔንሳኮላ ላይ ሲሰበሰብ ቆይቷል።

3. የሞት ሽረት ነው ወይስ የዋንጫ?

የኮንፈረንሱን ቶርናመንት ያሸነፈ ቡድን ወደ ብሔራዊው ውድድር በቀጥታ ያልፋል። በዚህ መንገድ ከ64ቱ ቦታዎች ወደ 30 የሚጠጉት ይያዛሉ። የቀሩትን ኮሚቴ ነው የሚመርጠው። ልጅዎ የምትጫወትበት ቡድን ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው፣ ሲዝኑን ሙሉ ያሸነፈ፣ ቢሸነፍም ባይሸነፍም ኮሚቴው የማይተወው ትልቅ ቡድን ነው። የፍሎሪዳ ስቴት፣ የኖርዝ ካሮላይና፣ የስታንፎርድ ዓይነቱ። እነዚህ በቶርናመንቱ የሚፈልጉት ዋንጫውንና በብሔራዊው ውድድር የተሻለ የደረጃ ቁጥር ነው። አሰልጣኙ ጉልበቷ የሚያማትን አጥቂ ለማሳረፍ፣ ለአንደኛ ዓመት ልጆች ደቂቃ ለመስጠት አይፈራም። ልጅዎ ዋና ተሰላፊ ከሆነች ረጅም መንገድ ተጉዘው ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊያዩአት ይችላሉ። አንደኛ ዓመት ከሆነች ግን በተቃራኒው፣ ይህ የሷ ቀን ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው በጫፍ ላይ ያለው ነው። ይግባ አይግባ የሚከራከሩበት ቡድን። ኮሚቴው ከሚያያቸው ነገሮች ዋነኛው አርፒአይ የሚባለው ስሌት ነው፤ በመሠረቱ ሩቡ የራስ ውጤት፣ ግማሹ የተጋጣሚዎችዎ ውጤት፣ ቀሪው ሩብ የተጋጣሚዎችዎ ተጋጣሚዎች ውጤት። ከራስ ውጤት ይልቅ የተጋጣሚ ውጤት የበለጠ ይመዝናል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ቡድን በመጀመሪያው ዙር ከታች በተቀመጠ ቡድን መሸነፍ ይጎዳል፣ አንድ ትልቅ ቡድን ማሸነፍ ደግሞ የሲዝኑን ትርጉም ይቀይራል። ለእኔ ለማየት የሚያጓጓው ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚያጣው ነገር ስላለው ጨዋታው ከመጀመሪያው ደቂቃ ይከራል።

ሦስተኛው ብዙዎቻችን የማናስበው ነው፦ ከኮንፈረንሱ አንድ ቡድን ብቻ የሚያልፍበት። አነስተኛ ኮንፈረንሶች እንዲህ ናቸው። በእርስ በርስ ጨዋታ ስለሚወሰኑ አርፒአያቸው አይነሳም፣ ኮሚቴውም ሁለተኛ ቡድን አይወስድላቸውም። ሲዝኑን ሙሉ አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ፍጻሜውን በመለያ ምት ቢሸነፍ በዚያው ምሽት ጫማውን ይሰቅላል። አምስተኛ ሆኖ የገባው ደግሞ በሦስት ጨዋታ አገር አቀፍ ውድድር ውስጥ ይገኛል። ልጅዎ እዚህ ከሆነች፣ በተለይ የመጨረሻ ዓመቷ ከሆነ፣ አይገምቱ፤ ይሂዱ። ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት ብሎ የሚቀር ወላጅ አይገባኝም።

የቱ ውስጥ እንዳለች ለማወቅ የአርፒአይ ዝርዝሩን ከኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ያውጡ፤ በሲዝኑ አጋማሽ ገደማ መውጣት ይጀምራል። ያለፉትን ዓመታትም ይመልከቱ፤ ኮንፈረንሱ በየዓመቱ አንድ ቡድን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ልጅቷን ራሷን መጠየቅም ይቻላል፤ መልሱ ግን «እኛ አንድ ጨዋታ በአንድ ጊዜ ነው የምናስበው» ይሆናል። አሰልጣኙ ያስጠናቸው ነው።

4. ትኬት፣ ሆቴል፣ መንገድ

እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ ለፍጻሜው የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ። ሆቴሉን እስከ ዋዜማው ድረስ በነጻ መሰረዝ በሚቻልበት መንገድ ይያዙ፤ ቶርናመንት ያለበት ከተማ ውስጥ ስምንት ቡድን ቤተሰብ ስለሚወርድ ቶሎ ይሞላል፣ ስለዚህ መያዝ ቶሎ፣ መክፈል ዘግይቶ። ቡድኑ የሚያርፍበት ሆቴል ውስጥ ክፍል ከመያዝ ግን ይቆጠቡ። ልጅቷ በስብሰባና በእንቅልፍ ሰዓት ተጠምዳለች፤ እርስዎ ኮሪደሩ ላይ እንጀራ በሳህን ይዘው ቢጠብቋት ማን ይጠቀማል?

ከዲሲ አካባቢ ኬሪ የሚሄድ ሰው በ95 ቁጥር መንገድ ወርዶ አምስት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ይደርሳል። በስፕሪንግፊልድና በፍሬድሪክስበርግ መካከል ያለውን መጨናነቅ እዚያ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከወጡ የመጀመሪያውን ግማሽ በስልክ ነው የሚያዩት። ጠዋት ይነሱ። በአውሮፕላን ከሆነ የራሊ ደርሃም አየር ማረፊያ ለኬሪ ቅርብ ነው።

መግቢያ ትኬቱን ከመግዛትዎ በፊት ልጅዎን ይጠይቁ። ለተጫዋች ቤተሰብ የሚሰጥ ነጻ መግቢያ ካለ፣ ስም የምታስመዘግበው እሷ ናት፣ ቀነ ገደቡም ከጨዋታው በፊት ያልፋል። በር ላይ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ በመታወቂያዎ ላይ ያለው ስምና እሷ የሰጠችው ስም አንድ ይሁን። ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ስም ሌላ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው ሌላ በሆነበት ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምግብ ይዞ መሄድን በተመለከተ፦ ለራስዎ ልጅ የሚያደርጉት የራስዎ ጉዳይ ነው። ለቡድኑ በሙሉ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ልውሰድ፣ ወይም የሰፈሩ ማኅበር ለተጫዋቾቹ ስጦታ አዋጥቷል ካሉ ግን መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የደንብ ክትትል ቢሮ፣ ልጆቹ «ኮምፕሊያንስ» የሚሉትን፣ ያስጠይቁ። በቅን ልብ የተሰጠ ነገር ልጆቹን ጣጣ ውስጥ እንዳይከት። ከተፈቀደም ሰዓቱን ይምረጡ። ተጫዋቾች ከጨዋታው ሦስት አራት ሰዓት በፊት በልተው ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ በርበሬ ያለበት ነገር ሁሉ ለድል በዓል ይቆያል። ከጨዋታ በኋላ አውቶቡሱ አጠገብ የሚቆራረስ ድፎ ዳቦ ግን ያየሁት ቡድን ሁሉ ይሻማበታል፤ ከየትም አገር የመጡ ልጆች ዳር ዳሩን ቀድመው ነው የሚያነሱት።

5. ሜዳው ላይ

ቦርሳዎ በውስጡ ያለው የሚታይ ላስቲክ ይሁን። ብዙ ስታዲየሞች ሌላውን ከበር ይመልሳሉ፣ የቡና ፔርሙዝም አብሮ ይመለሳል። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በክንድ ይዞ መግባት ግን አያስቸግርም፤ የኖቬምበር ምሽት ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከሚገምቱት በላይ ይቀዘቅዛል። መብረቅ ከታየ ጨዋታው ይቋረጣል፣ የሚቀጥለውም ከመጨረሻው መብረቅ 30 ደቂቃ ቆጥሮ ነው፤ በመሃል አንድ ሌላ ብልጭ ካለ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ፔንሳኮላ የሚሄድ ሰው ጊዜውን ሰፋ አድርጎ ያቅድ።

አሁን ሰዓቱን ይመልከቱ። ቦርዱ ላይ 45:00 ተጽፎ ወደ ታች ይቆጥራል። ጎል ሲገባ፣ ካርድ ሲወጣ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ይቆማል። የባከነ ሰዓት ብሎ ሰሌዳ የሚያነሳ አራተኛ ዳኛ የለም። የመጨረሻዎቹን 10 ሰከንዶች አስተዋዋቂው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፦ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት፤ በዚያች ቅጽበት ከሜዳው መሃል የምትለጋ ኳስ ሁሉንም ከወንበሩ ታስነሳለች። ኳሷ አየር ላይ እያለች ዜሮ ከደረሰ፣ መረብ ውስጥ ብትወድቅም ጎል አይደለም። ሙሉ በሙሉ መስመሩን ማለፍ ያለባት ሰዓቱ ሳያልቅ ነው። ለአዲስ ተመልካች ይህ የሚያስደነግጥ ነው፤ ዳኛውን ለመሳደብ ከመነሳትዎ በፊት ያስታውሱት።

ቅያሪም ይለያል። በመጀመሪያው ግማሽ የወጣች ተጫዋች በመደበኛው ሁኔታ በዚያው ግማሽ አትመለስም፤ በሁለተኛው ግማሽ ግን አንድ ጊዜ ወጥታ መመለስ ትችላለች። ስለዚህ ልጅዎ በ25ኛው ደቂቃ ስትወጣ ተጎዳች ወይም ተቀጣች ብለው አይሸበሩ፣ ከዕረፍት በኋላ ያገኟታል። ካርድ ግን ይቆጠራል፦ በሲዝኑ አምስተኛ ቢጫዋን ያየች ቀጣዩን ጨዋታ ታርፋለች። በቶርናመንቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ የመጣ ቀይ ካርድም ወደ ብሔራዊው ውድድር ይከተላል።

በቶርናመንት አቻ ሆኖ የሚለያይ የለም። ሁለት አሥር አሥር ደቂቃ ይጨመራል፣ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ይጫወታሉ። ቀድሞ ጎል ያገባ ወዲያው ያሸንፍ የነበረበት ደንብ በ2022 ቀርቷል። ካልተለያዩ መለያ ምት። እዚህ ላይ አንድ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ በመለያ ምት የተሸነፈ ቡድን በመዝገብ ላይ የተሸነፈ አይባልም፣ አቻ ነው የሚጻፍለት። ከላይ ላነሳሁት በጫፍ ላይ ላለው ቡድን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆቹ አልቅሰው ሲወጡ አሰልጣኙ ጣቱን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ከመቀመጫዎ ሆነው አያሠልጥኑ። በአማርኛ ቢሆንም። «አቀብዪ! ምቺው!» የሚለውን ከሜዳው ሁሉ የምትሰማው አንድ ልጅ ብቻ ናት፣ እሷም የአሰልጣኙን ድምፅ መለየት አለባት።

6. ከሩቅ ለሚከታተሉ፦ የሰዓቱ ነገር

ኤሲሲና ኤስኢሲ በራሳቸው ቻናልና በኢኤስፒኤን መተግበሪያ ይተላለፋሉ፣ ብዙ አነስተኛ ኮንፈረንሶችም እዚያው መተግበሪያ ላይ ናቸው። ቢግ ቴን የራሱ ቻናልና ለብቻው የሚከፈልበት አገልግሎት አለው። የአንዱን ክፍያ ከፍለው ሌላውን አይጠብቁ። ከአሜሪካ ውጪ የማይከፈት ስርጭት ስላለ ኢትዮጵያ ላሉ ዘመዶች ቀድሞ መሞከር ነው።

ዋናው ወጥመድ ግን ሰዓት ነው። አሜሪካ ሰዓቷን የምታዞረው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከቶርናመንቱ መሃል ይወድቃል። ከዚያ በፊት በምሥራቁ ሰዓት ከምሽቱ 7 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ እሁድ በኋላ ያው ጨዋታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ፔንሳኮላ በመካከለኛው ሰዓት ስለሆነች አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። እሁድ ቀትር ላይ የሚጀመር የኬሪ ፍጻሜ ደግሞ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ አያትን ከእንቅልፍ የማይቀሰቅስ ጥሩ ሰዓት። ለዘመድ ሲነግሩ በአሜሪካ አቆጣጠር ሳይሆን «ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 9 ሰዓት» ብለው በቀኑ ስም ጭምር ይንገሩ፤ ካልሆነ በማግሥቱ ነው የሚደውሉልዎ።

7. ሰኞ

ፍጻሜዎቹ እሁድ ካለቁ በማግሥቱ ሰኞ 64ቱ ቡድኖች በቀጥታ ስርጭት ይፋ ይሆናሉ። ቶርናመንቱን ያሸነፈ ቡድን የሚጠብቀው ከማን ጋር እንደተደለደለ ነው፤ በጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ስሙን። 32 ቡድኖች በአራት ምድብ ስምንት ስምንት ሆነው የደረጃ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ የመጀመሪያው ዙርም በእነሱ ሜዳ ይካሄዳል። ቁጥር ያላገኘ ቡድን እንግዳ ነው፣ ማለትም ቤተሰቡ እንደገና ተጓዥ ነው።

ጨዋታው በዚያው ሳምንት ከዓርብ እስከ እሁድ ባለው ጊዜ ስለሚሆን ትኬት ለመፈለግ ያለዎት ሦስት አራት ቀን ብቻ ነው። ለሰኞ ምሽት ሌላ ቀጠሮ አይያዙ። ስሙ እንደተጠራ አንዱ ሰው ሆቴል፣ ሌላው መንገድ ይከፋፈሉ፤ ልጅቷን ለማክሰኞ ይተዉአት፣ ያን ምሽት ስልኳን አታነሳም።